«ሲስተም የለም»፦ ማንም ያልሰበረው ፋየርዎል

አራት ኪሎም ሆነ ፒያሳ፣ ማኪያቶ ጠረጴዛ ላይ የሳይበር ደህንነት ወሬ ከተነሳ ሳቁ ቅርብ ነው። «እኛን ማን ይጠልፈናል? ሃከሩ ተንገላቶ መስኮቱ ጋ ቢደርስ እንኳ ‹ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ተመለስ› ይሉታል።» ቀልዱ አርጅቷል። ግን ወረፋ የቆመ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ስለሚያድሰው አልሞተም። ባለሥልጣን ፊት ሲነገር ደግሞ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ስለሌለው ነው» ይባልና ለቀጣዩ ጥቅምት ሌላ የሳይበር ደህንነት ወር፣ ሌላ ባነር ይታቀዳል።

እኔ ግንዛቤ አነሰ የሚለው አይዋጥልኝም። እነዚህ ቀልዶች የብልሽት ሪፖርት ናቸው። ምን እንደተበላሸ፣ የት ጋ እንደተበላሸ ልክ ልኩን ይናገራሉ፤ የጎደላቸው የቴክኒክ ስማቸው ብቻ ነው። እስቲ ጥቂቶቹን እንፍታቸው።

ከ«ሲስተም የለም» እንጀምር። የመረጃ ደህንነት ትምህርት ሲጀመር ሦስት ነገር ይነገራል፦ ምስጢሩ እንዳይወጣ፣ መረጃው እንዳይበረዝ፣ ባለጉዳዩም በፈለገው ሰዓት እንዲያገኘው። ሦስተኛው ከጎደለ ሁለቱ ቢሟሉም ሥርዓቱ ደህና አይባልም። ባለጉዳዩን አገልግሎት ያሳጣው ሩቅ አገር ያለ ሃከር ይሁን ጥግ ላይ የሞተ ባትሪ፣ ለቆመው ሰው ያው ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም» ስትል ሳታስበው ሦስተኛው መውደቁን እያወጀች ነው። እኛ ጋ ግን የጥበቃ ወሬው ሁሉ የመጀመሪያው ላይ ስለሆነ ይሄኛው እንደ ደህንነት ጉዳይ አይቆጠርም፤ «የኔትወርክ ችግር» ተብሎ ይታለፋል።

ምክንያቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። በብዙ ቢሮ ኮምፒውተሮቹ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆያቸው ዩፒኤስ አላቸው፤ ኢንተርኔቱን ተቀብለው ለየኮምፒውተሩ የሚያከፋፍሉት ራውተሩና ስዊቹ ግን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክተዋል። መብራት ሲሄድ ስክሪኑ እንደበራ ይቀራል፣ መስመሩ ይሞታል። አንድ ትንሽ ዩፒኤስ ለራውተሩና ለስዊቹ ብቻ ቢመደብ ነገሩ ይለወጣል። በውስጡ ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ኮምፒውተርና ስክሪን አንድ ላይ 150 ዋት ገደማ ከጎተቱበት ከሩብ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ራውተርና ትንሽ ስዊች ግን ተደምረው 25 ዋት ቢፈልጉ ነው፤ ብክነቱ ተቀንሶ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ያቆያቸዋል። የሚረሳው የባትሪው ዕድሜ ነው። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ያረጃል፤ የዩፒኤሱ አረንጓዴ መብራት ግን እንደበራ ስለሚቆይ ማንም አይጠረጥርም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ ሶኬቱን ነቅሎ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ማየት ነው። ከዚህ የሚቀል የሳይበር ጥበቃ አላውቅም።

መሐል ከተማው ላይ ሌላም ምክንያት አለ። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ በፒያሳና በአራት ኪሎ ሲያልፍ «የሰፈሩ ትልቁ ሃከር ኤክስካቫተር ነው» የሚለው ቀልድ ራሱን በራሱ ጻፈ። ኢንተርኔቱን የሚያመላልሰው የመስታወት ገመድ፣ ፋይበሩ፣ ሲቆረጥ ቴክኒሻኑ ኦቲዲአር የሚባለውን መሣሪያ በአንዱ ጫፍ ይሰካል። መሣሪያው የብርሃን ምት ልኮ የሚመለሰውን እየለካ ገመዱ ስንት ሜትር ላይ እንደተቆረጠ ይናገራል። ችግሩ የገመዱ ሜትር ከመንገዱ ሜትር ጋር አለመግጠሙ ነው። በየማንሆሉ የተጠቀለለ ትርፍ ገመድ ስላለ፣ መሣሪያው 840 ሜትር ላይ ነው ያለው የተቆረጠ ቦታ በእግር ሲለካ 760 ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ካርታው ካልተያዘ ቁፋሮው በሌላ ቦታ ይጀመራል። ከተገኘ በኋላ ማቅለጫው እያንዳንዱን 125 ማይክሮን ውፍረት ያለው መስታወት በየቀለሙ ያገናኛል። ይሄ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሰዓታት የሚፈጀው ፍለጋው፣ ቁፋሮውና ፈቃዱ ነው። ከሁሉ የሚያስቀው ግን (የሚያስለቅሰውም ሊሆን ይችላል) ዋናውና መጠባበቂያው መስመር በአንድ ቦይ የተቀበሩ ሲሆን ነው። ወረቀት ላይ ሁለት መስመር፣ ለአካፋው አንድ። መጠባበቂያ መስመር የሚገዛ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያለበት ስለ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ «ገመዱ ሕንፃው ውስጥ የሚገባው በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «በዚያው» ከሆነ መጠባበቂያ አልገዛም።

ቀጣዩ ቀልድ የቁጥር ነው። በ1999 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተቋቋመውና በ2006 በአዋጅ ቁጥር 808 እንደገና የተደራጀው ኢንሳ፣ የመንግሥቱ የሳይበር ደህንነት ተቋም፣ በየጊዜው ሪፖርት ያወጣል፦ ይህን ያህል ሺህ የጥቃት ሙከራ ነበረ፣ ዘጠና ምናምን በመቶው ከሸፈ። ጠረጴዛው ላይ አንዱ «የቀረውስ?» ይላል። ሌላው «እሱማ ሲስተም የለም የሚሉን ቀን ነው» ብሎ ይመልሳል።

እዚህ ውስጥ ያለው የሂሳብ ጥያቄ ከባድ ነው። መቶኛው የሚሰላው ከታየው ላይ ነው። ያልታየ ጥቃት ከከሸፉትም ከተሳኩትም ተራ ስለማይገባ ውጤቱን አያበላሽም፤ እንዲያውም ዓይን በደከመ ቁጥር መቶኛው ያምራል። «ያየሁትን ሌባ ሁሉ አባርሬያለሁ» የሚል ዘበኛ አልዋሸም፤ ስንት ሰዓት እንደተኛ ግን አልነገረንም።

ሁለተኛው ጥያቄ ጥቃት የሚባለው ምንድን ነው የሚለው ነው። የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ ጠቅላላ ብዛት 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዚማፕ የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ሁሉ አድራሻ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ጊጋቢት መስመር ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አዳርሶ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳይቷል። ዛሬ አንድ ርካሽ ሰርቨር ተከራይቶ ፖርት 22ን (ሰርቨሩን ከሩቅ ሆኖ ማዘዣውን በር) ክፍት የተወ ሰው ምንም የሚሰረቅ ነገር ባይኖረውም በቀን በሺዎች የሚቆጠር የመግቢያ ሙከራ መዝገቡ ላይ ያገኛል። አንኳኪው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው፤ ቤቱ የማን እንደሆነም አያውቅም። ይሄ ሁሉ «የተቃጣ ጥቃት» ተብሎ ከተቆጠረ ማንኛውም የኢንተርኔት ቤት ባለቤት የጀግና ሪፖርት ማውጣት ይችላል። ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ቁጥር ነው፦ ስንቶቹ ገቡ? ከገቡ በኋላ በስንተኛው ቀን ታወቀባቸው? መረጃቸው የወጣባቸው ሰዎችስ ተነገራቸው? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ከወጣ ወዲህ የመጨረሻው ጥያቄ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለው።

ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው መድኃኒቱ አጭር ነው። በይለፍ ቃል መግባትን ዘግቶ በቁልፍ ፋይል ብቻ ማድረግ ነው። የሪሞት ዴስክቶፑን (ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ መጠቀሚያውን) ፖርት 3389 ለዓለም ክፍት አለመተው ነው፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ከሚወዳቸው በሮች አንዱ እሱ ነው። የመጠባበቂያ ቅጂውም ከሰርቨሩ ጋር ሁልጊዜ እንደተሰካ መቀመጥ የለበትም፤ ቆላፊው ሲመጣ አብሮ ይቆልፈዋልና። ቅጂው ከወራት በፊት መሥራት አቁሞ ማንም ሳያውቅ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በየሩብ ዓመቱ አንድ ፋይል ከቅጂው ላይ አውጥቶ መክፈት ይህን ያጋልጣል።

የቁጥሩ ቀልድ ላይ ስጋ የጨመረው መጋቢት 6 ለ7፣ 2016 ሌሊት ነው። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በስልክ ተዳረሰ፣ ኤቲኤሞቹ ጋ ሌሊቱን ሰልፍ ሆነ። ማግስቱን የተሰጠው ማረጋጊያ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑ፣ ከጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑ ነበር። ከተማው የሳቀው በዚህ ማረጋጊያ ነው፦ በሩን የሰበረው የለም፣ ተከፍቶ ነው ያደረው። ከላይ ካልናቸው ሦስት ነገሮች እዚህ የወደቀው ሁለተኛው፣ የመረጃው አለመበረዝ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን የሚያጣራው ፋየርዎል አያግዝም። የሚያግዘው ለውጡን በሙከራ ሲስተም ላይ አስቀድሞ መፈተን፣ ለውጡ ሲበላሽ በደቂቃ ውስጥ ወደነበረበት የሚመልስ ዕቅድ መያዝ፣ የሌሊት ወጪ ከተለመደው ሲዘል ራሱ የሚጮህ ገደብ ማበጀት ነው። የሂሳብ ሠራተኞች ሥራ ይመስላል፤ ደህንነት ማለት ግን ይሄም ነው።

አሁን ወደ ይለፍ ቃል። «በየወሩ ቀይሩ» የሚል ትእዛዝ ያለበት ቢሮ ውስጥ የሁሉም የይለፍ ቃል የወሩ ስም፣ ምልክትና ዓመተ ምህረት ነው። ቀልዱም «እኛ አሥራ ሦስት ወር ስላለን ከፈረንጅ አንድ ይለፍ ቃል እንበልጣለን፤ የጳጉሜው ግን ሳይለመድ ያልቃል» ይላል። እስቲ እናስላው። 13 ወር፣ 10 የሚሆን ዓመት፣ 5 የሚወደድ ምልክት፣ መጀመሪያው ፊደል ትልቅ ወይ ትንሽ፦ 1,300። ይሄ ሁሉ ሲሞከር ለኮምፒውተር ከሰከንድ በታች ነው። ትእዛዙ የመጣው ከየት እንደሆነ ማወቅ ደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ባወጣው መመሪያ ውስጥ ቢል በር የተባለ ሠራተኛ የጻፈው ክፍል ነበር፤ ዓለም ሁሉ ገለበጠው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተቋሙ ራሱ መመሪያውን ለወጠ፦ ይለፍ ቃሉ እንደተሰረቀ ምልክት ከሌለ ሰውን በየጊዜው ቀይር ብላችሁ አታስገድዱ። ጸሐፊውም ያን ጊዜ በጡረታ ላይ ሆኖ እንደሚጸጸት ለጋዜጣ ተናገረ። እኛ ጋ ጸጸቱ ገና አልደረሰም፤ ትእዛዙ ግን በጊዜው ደርሷል።

የሚሻለው ረጅም ሐረግ ነው። 7,776 ቃላት ካሉት ዝርዝር ውስጥ በዳይስ እየጣሉ አራት ቃል ማውጣት ከ3,600 ትሪሊዮን በላይ አማራጭ ይሰጣል። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛም ይሠራል፤ ቃላቱ ግን እርስ በርስ የማይተዋወቁ ይሁኑ፦ ገንፎ፣ ባቡር፣ ሰኔ፣ ቁልፍ ዓይነት። ተረትና ምሳሌ አትጠቀሙ፤ እናንተ ከቻላችሁት ሌባውም በቃሉ ይዞታል።

መንግሥትና ኢንተርኔት ሲገናኙ ሳቅ መፈጠሩ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የጃፓን የሳይበር ደህንነት ኃላፊ ሚኒስትር የነበሩት ዮሺታካ ሳኩራዳ ራሳቸው ኮምፒውተር እንደማይጠቀሙ በፓርላማ ተናግረዋል፤ ስለ ፍላሽ መሰኪያ ሲጠየቁም ግራ ተጋብተው ነበር። ከዚያ ዓመት በፊት ደግሞ የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል የሂሳብ ሕግ ጥሩ ነገር ቢሆንም በአውስትራሊያ የሚሠራው የአውስትራሊያ ሕግ ብቻ ነው ብለው ስለ ምስጠራ ተከራከሩ። የእኛ ሰው ይህን ቢሰማ «አዋጁን ለካልኩሌተሩ አንብቡለት» ይላል።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የማያስተውለው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ «ጥንቃቄ አድርጉ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ፣ ብሮውዘሩ ደግሞ ያንኑ ገጽ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ብሎ በቀይ ያግደዋል። የተለመደው ምክንያት ገጹ እውነተኛው መሆኑን ለብሮውዘሩ የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬት ቀኑ ማለፉ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ የሚሰጠው ሰርተፍኬት ለ90 ቀን ያገለግላል፤ የሚያድሰው ፕሮግራም በቀን ሁለቴ እየተነሳ ያያል፣ 30 ቀን ሲቀረው ያድሳል። ታዲያ ለምን ያልፋል? ወይ ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 80 ተዘግቶ ማረጋገጫው አልደርስ ብሏል፣ ወይ አዲሱ ሰርተፍኬት ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ግን ስላልተቀሰቀሰ አሮጌውን ማሳየት ቀጥሏል። ሁለተኛውን አንድ መስመር ትእዛዝ ይፈታዋል። ጉዳቱ ግን ከገጹ ይሰፋል። ሰው «ግድ የለም፣ ቀጥል» የሚለውን መጫን ይለምዳል፤ እውነተኛው አታላይ የመጣ ቀንም ያው ጣት ያው ቦታ ይጫናል።

ይሄ ማስጠንቀቂያ ግን ሁልጊዜ የድረ ገጹ ጥፋት አይደለም። እኛ አገር የራሳችን የሆነ ምክንያት አለን፦ ዘመን አቆጣጠራችን። ስልኩን በእጁ ወደ ዓመተ ምህረት የቀየረ ሰው ለኢንተርኔት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዷል። ሰርተፍኬቶቹ በሙሉ በስልኩ ቀን ገና ስላልተሰጡ አንዱም አይከፈትም፣ ሰውየውም «ኢንተርኔት ዘጉት» ይላል። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ነገር የሚሠራው የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ነው፣ ሲአር 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልቱ። እሱ ሲሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ፋብሪካ ወደተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት «ሲስተም የለም» የሚለው አንዳንዴ ለዚች ሳንቲም ለምታክል ባትሪ ነው። ቀኑን አስተካክሎ ገጹን መሞከር፤ ከሠራ ባትሪዋን መቀየር።

ሰዓቱስ? ስልኩን በሀበሻ ሰዓት ለማድረግ ስድስት ሰዓት ወደኋላ በእጅ የጎተተ ሰው ስልኩ ላይ ባለ አፕ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጠው የማረጋገጫ ቁጥር አይሠራለትም፤ ያ ቁጥር የሚሰላው ከትክክለኛው የዓለም ሰዓት ነውና። መላ አለው። ሰዓቱን አትንኩ፣ ቀጠናውን ቀይሩ። ቦነስ አይረስን ብትመርጡ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስልኩ ላይ ልክ ሦስት ሆኖ ይታያል፤ ውስጡ ያለው የዓለም ሰዓት ግን አይዛባም። ለአርጀንቲና ምስጋና ይግባ።

ስለ ሰርተፍኬት ካነሳን አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 የካዛኪስታን መንግሥት ዜጎቹን «ለደህንነታችሁ» ብሎ የራሱን ሰርተፍኬት በስልክና በኮምፒውተራቸው እንዲጭኑ አደረገ። የጫነ ሰው የተመሰጠረው ገጹ ሁሉ መሐል መንገድ ላይ ተከፍቶ ሊነበብ ይችል ነበር። በነሐሴ ጉግል፣ ሞዚላና አፕል ሰርተፍኬቱን አገዱት። አንድሮይድ ስልክ ላይ ይህን ማየት ቀላል ነው፦ ሴቲንግ ውስጥ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ የታመኑ ሰርተፍኬቶች ዝርዝር፣ ከዚያ «ዩዘር» የሚለው ክፍል። ባዶ መሆን አለበት። መሥሪያ ቤታችሁ አውቆ ያስገባው ካልሆነ በቀር እዚያ ያለ ነገር ይጥፋ።

እና መዝጋት። «የተዘጋ ኢንተርኔት አይጠለፍም» የሚለው ቀልድ ከሁሉም የመረረው ነው። በ2008 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ ተሰረዘ፤ በዚያው ክረምት በፈተና ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። ሰኔ 23፣ 2012 አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ገደማ ከመስመር ወጣች። የካቲት 2፣ 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ለአምስት ወር ቆዩ። ፈተናውን በተመለከተ ፎቶ የሚነሳው ወረቀቱ ስለሆነ መጠበቅ ያለበትም ወረቀቱና በዙሪያው ያለው ሰው ነበር። በ2015 መጀመሪያ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ስልክ በር ላይ ቀርቶ መፈተን ሲጀምሩ ይህ ታወቀ። ከስድስት ዓመት በላይ ፈጀ።

ሁሉም መዝጋት አንድ ዓይነት አይደለም፤ የመውጫውም መንገድ እንደዚያው ይለያያል። መስመሩ ከነአካቴው ሲነሳ ቪፒኤንም (ትራፊክን አመስጥሮ በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈው ፕሮግራም) ምንም አይሠራም። የገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው የስም ማውጫ፣ ዲኤንኤስ፣ ብቻ ሲዛባ ስልኩ ላይ ዲኤንኤሱን ወደ 1.1.1.1 ወይ 8.8.8.8 መቀየር ይበቃል። የገጹ ስም ግንኙነቱ ሲጀመር ተነብቦ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ዲኤንኤስ መቀየር ዋጋ የለውም፣ ቪፒኤን ያስፈልጋል። በ2015 አዲስ አበባ ውስጥ ቪፒኤን የማያውቅ እናት እንኳ አልቀረችም፤ «ቪፒኤኔ ሞተብኝ፣ ሌላ ላክልኝ» የቤት ወሬ ሆነ። የደህንነት ጉዳቱ እዚህ ነው። ከፕሌይ ስቶር ማውረድ ያቃተው ሰው በብሉቱዝና በዜንደር ከጎረቤት የተቀበለውን ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ጫነ። ሕዝቡን ከመጥፎ ነገር ለመጠበቅ ተብሎ ሕዝቡ ሁሉ የስልኩን ትራፊክ ለማያውቀው ኩባንያ እንዲሰጥ ተገፋ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ከዚያ ዘመን የቀረ ካለ ፈትሹት። ቪፒኤን ኮንታክት፣ መልእክት ማንበብ፣ በተለይም «አክሰሲቢሊቲ» የሚባለውን ፈቃድ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። አክሰሲቢሊቲ የተሰጠው ፕሮግራም ስክሪናችሁን ማንበብ፣ በእናንተ ፋንታም መጫን ይችላል፤ የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ሲጻፍም ጭምር።

መዝጋት አንዳንዴ የዘጊውንም እጅ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. የካቲት 24፣ 2008 ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ ለማገድ «የዩቲዩብ መንገድ በእኔ በኩል ነው» የሚል የሐሰት አቅጣጫ አወጣ። ከዩቲዩብ ከራሱ ይልቅ ጠበብ ያለ አድራሻ ስለነበረ የዓለም ራውተሮች እሱን መረጡ፤ ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ገደማ በብዙው ዓለም ጠፋ። አንድ ሰፈር ልዝጋ ብሎ አስፋልቱን በሙሉ መቁረጥ ማለት ነው።

ሰው ጠባቂውን ለምን እንደማያምን ለመረዳት ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015ን ማስታወስ ይበቃል። የስለላ ሶፍትዌር ሻጩ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈና 400 ጊጋባይት የሚሆን የውስጥ ሰነድና ኢሜይል ወጣ። ከደንበኞቹ መካከል ኢንሳ ነበረበት። ለመጥለፍ የተገዛው ኩባንያ ተጠልፎ ደንበኛው ሲጋለጥ፣ ቀልድ ለመፍጠር የሚቀር ሥራ የለም።

ይሄ ሁሉ እየሆነ ተራው ሰው ዘንድ የሚመጣው አደጋ በሌላ በር ነው፤ በስልክ ጥሪ። «ከቴሌ ነው የምንደውለው» ይላል። አንዳንዱ በ *21* የሚጀምር ቁጥር እንድትደውሉ ያደርጋል። ያ ጥሪያችሁን ሁሉ ወደ እሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው፤ ከዚያ በድምፅ የሚነገር የማረጋገጫ ቁጥር ለእሱ ይደርሳል። *#21# ብትደውሉ ጥሪያችሁ መዞር አለመዞሩን ታያላችሁ፤ ##002# ሁሉንም ማዞሪያ ይሰርዛል። ሌላው «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» ብሎ ሊንክ ይልክና ቴሌግራም የላከላችሁን 5 አሃዝ ኮድ ያስጽፋችኋል። ከተጻፈ በኋላ ፍጥነት ነው። አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሮቹን ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ ስላለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ብልጫው የእናንተ ነው፦ ሴቲንግ፣ ዲቫይስ፣ ከዚያ ሌሎቹን በሙሉ አስወጣ። ከኮዱ በላይ የሚጠየቀውን ሁለተኛውን የይለፍ ቃል የምታስቀምጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመሪያ ይለፍ ቃል ለማበጀት የሚለፋ ሰው ለሌባው ጊዜ ይሰጠዋል። ወዳጃችሁ በቴሌግራም «5,000 ብር ቶሎ ላክልኝ» ካላችሁም ደውሉና ድምፁን ስሙ፤ ቴሌብር ላይ ከማረጋገጣችሁ በፊት የሚወጣውንም የተቀባይ ስም አንብቡ።

የመጨረሻው ቀዳዳ ከየመሥሪያ ቤቱ አጥር ውጭ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ ለመግባት ዘበኛው ሴሪያል ቁጥሩን በደብተር ይመዘግባል፤ የመታወቂያችሁ ቅጂ ግን መንገድ ተሻግሮ ባለ አንድ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ከመቶ ሰው ጋር ተኝቷል። «አዲስ ፎልደር 14» የሚል ስም ያለው ነው። ፋይል ስታሳትሙ ቴሌግራማችሁን በእነሱ ኮምፒውተር ላይ አትክፈቱ፤ ከስልካችሁ ወደ ቤቱ አካውንት ላኩ። ከታተመ በኋላ መልእክቱን «ከሁለቱም ወገን» ብላችሁ ሰርዙ። እሱ ግን የወረደውን አያጠፋም፤ ፋይሉ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር ውስጥ ይቀራል። ልጁን «ወንድሜ፣ እሱንም አጥፋልኝ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርገው» በሉት። ይስቅባችኋል፣ ግን ያደርገዋል።